ዋሃካ፣ ሦስት ሆቴሎችና ጉልበታቸውን የሚያማቸው አማት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን 20 ዓመት ሊሞላን ስለሆነ፣ የሙታን ቀን የሚባለውን በዓል ለማየት ከኦክቶበር 28 እስከ ኖቬምበር 3 ሜክሲኮ፣ ዋሃካ ከተማ ለመሄድ አስበናል። አማቴም አብረውን ይሄዳሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ጽጌንም ይጾማሉ። ባለቤቴ ደግሞ ኮሽ ባለ ቁጥር የሚነቃ ሰው ነው። ሦስት ትናንሽ ሆቴሎች ለይቼ አንዱን መቁረጥ አቃተኝ። የመጀመሪያው ሳንቶ ዶሚንጎ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ አልካላ መንገድ ላይ ያለ የጥንት ቤት ነው፤ ጣሪያው ላይ ባር አለው። ሁለተኛው ሃላትላኮ ሰፈር ውስጥ ያለች ስምንት ክፍል ያላት ቤት ናት፤ ፎቶዋን ሳይ ልቤ ሄዷል። ሦስተኛው ኤል ያኖ መናፈሻ አጠገብ ነው፤ ከአሮጌ ግንብ ጀርባ አዲስ የተሠራ ሲሆን ሊፍት አለው። ግን የድሮ ቤት ለዛ የለውም፤ ዋጋውም ይወደዳል። የቱን ልያዝ? ሀ. ነኝ።

መልስ፦ ውድ ሀ.፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። በዚያ ሳምንት፣ ከአማትዎና ከባለቤትዎ ጋር ከሆነ ሦስተኛውን ይያዙ። ሆኖም ሦስተኛውም ቢሆን የማይሆን ክፍል ከደረሳችሁ ጉዞውን ያበላሽባችኋል። በእንዲህ ያሉ ትናንሽ ሆቴሎች አንዱ ክፍል ከሌላው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሰዎች አወድሰው የጻፉለት ክፍልና ለእናንተ የሚሰጠው ክፍል አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የትኛው ክፍል እንደሚሰጣችሁ በቁጥሩ ወይም በስሙ ይወቁ። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ያንን ክፍል ለመለየት ነው።

ዋሃካ መሃል ያሉት የጥንት ቤቶች አሠራራቸው ተቀራራቢ ነው። ከመንገዱ በትልቅ የእንጨት በር ይገባል፤ ውስጥ ፓቲዮ የሚሉት ክፍት ግቢ አለ፤ ክፍሎቹ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዙረው ዙሪያውን ይደረደራሉ። ግድግዳው የጭቃ ጡብ ወይም ከተማዋ የምትታወቅበት አረንጓዴ ድንጋይ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ሙቀትም ድምፅም ያግዳል። ድምፅ የሚገባው በበሩ ነው። የብዙዎቹ ክፍሎች በርና መስኮት አንድ ነው፦ ባለ ሁለት ተካፋች የእንጨት በር፣ የላይኛው ግማሹ መስታወት፣ ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ክፍተት። ያው ግቢ ደግሞ ጠዋት ቁርስ ቤት፣ ቀን እንግዳ መቀበያ፣ ማታ መጠጥ ቤት ይሆናል። ወንበር ሲጎተት፣ ሳህን ሲሰበሰብ፣ የሻንጣ ጎማ በድንጋዩ ላይ ሲንኳኳ አልጋ ድረስ ይሰማል። መጋረጃውን ከከፈቱት ቁርስ የሚበሉት ሰዎች ያዩዎታል፤ ከዘጉት ክፍሉ ይጨልማል።

ወደ መንገድ የሚመለከቱት ክፍሎች ረጅም መስኮትና የብረት ፍርግርግ ስላላቸው ፎቶ ላይ ያምራሉ። መስታወታቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጠላ ነው። የእግረኛው መንገድም ጠባብ ስለሆነ የአላፊ አግዳሚው ወሬ ራስጌ ድረስ ይገባል። ጠዋት ጋዝ የሚያዞረው መኪና በድምፅ ማጉያ፣ ውኃ ሻጩም እየተጣራ ያልፋሉ። ከሁሉ የሚከፋው ከጣሪያ ባር በታች ያለው ክፍል ነው። ሙዚቃው እንኳ ቢቆም ጽዳቱ ይቀጥላል፤ የብረት ወንበር ወለል ላይ ሲጎተት ታች ላለው ሰው እንቅልፍ የለም። ባለቤትዎ የሚያስፈልጋቸው ከመንገዱ የራቀ፣ በተለይ ሁለተኛ ግቢ ካለ እዚያ ያለ፣ ከላዩ ባር ወይም እርከን የሌለበት ክፍል ነው። የኋላ ግቢ ሲባል ግን ወጥ ቤቱና የውኃ ፓምፑ ብዙ ጊዜ እዚያው ስለሆኑ፣ ከሁለቱ የራቀ መሆኑን ለይተው ይጠይቁ።

ፎቶ ሲያዩ አልጋውንና ጥልፉን ትተው የግድግዳውን ግርጌ ይመልከቱ። ዋሃካ የሚዘንበው ከሜይ እስከ ኦክቶበር ነው፤ እናንተ የምትደርሱት ግድግዳው የክረምቱን እርጥበት ጠጥቶ ባበቃበት ሰሞን ነው። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ያበጠ ወይም ነጭ ጨው ያወጣ ከሆነ ክፍሉ ይታፈናል፣ ይሸታልም። መስኮት የሌለው ክፍል ከሆነ ደግሞ ያ ሽታ መውጫ የለውም።

ወደ አማትዎ ጉልበት እንምጣ። የከተማዋ መሃል ከሞንቴ አልባን ፍርስራሽ ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጥንት ሕንፃ ላይ ግንብ ለማፍረስም ሆነ ለመጨመር ኢናህ የተባለው የአንትሮፖሎጂና የታሪክ ብሔራዊ ተቋም ፈቃድ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ትናንሽ ሆቴሎች ሊፍት የሌላቸው ለዚህ ነው። ደረጃው ድንጋይ ነው፤ እርከኑ ከፍ ከፍ ይላል፣ መደገፊያው በአንድ ወገን ብቻ ይሆናል፣ ወይም ጭራሹን አይኖርም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሆቴሎች ካሰቡ ለአማትዎ ምድር ላይ ያለ ክፍል የግድ ነው።

እዚህ ላይ አሜሪካ የለመዳችሁት አቆጣጠር ያሳስታል። «ፈርስት ፍሎር» ብለው ቢጽፉ ዋሃካ ያለው ሠራተኛ ፕሪሜር ፒሶ ብሎ ይወስደዋል፤ ያ ደግሞ እንደ አዲስ አበባው አንደኛ ፎቅ ደረጃ የሚወጣበት ነው። የሚፈልጉት ምድር ላይ ያለውን ከሆነ «ፕላንታ ባሃ» ብለው ይጻፉ። በዚህ ስህተት ስንት ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ ሲወጣ ይታያል!

ምድር ላይ መሆኑ ብቻም አይበቃም። ጣሪያው ከፍ ባለ ክፍል ውስጥ ታፓንኮ የሚባል የእንጨት ቆጥ ይሠራና አልጋው እዚያ ላይ ይሆናል፤ መወጣጫው እንደ መሰላል የቆመ ነው፣ ፎቶው ላይ ግን የሚታየው አልጋው ብቻ ነው። መታጠቢያ ቤቱም ብዙ ጊዜ ከመኝታው ወለል አንድ ወይም ሁለት እርከን ከፍ ይላል። ድሮ ቧንቧ ስላልነበረ ኋላ ሲዘረጋ በጥንቱ ወለል ላይ ነው የተዘረጋው። ሌሊት በጨለማ ለሚነሱ ሰው ያ አንድ እርከን ከአንድ ፎቅ ደረጃ ይበልጥ ያሰጋል። የመታጠቢያው ወለል የሚያንሸራትት መሆን አለመሆኑን፣ የሚያዝ ብረት መኖሩን ይጠይቁ። ስለ አልጋም አንድ ነገር፦ «ማትሪሞኒያል» የሚሉት አልጋ 135 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስፋት አለው። ለባልና ሚስት ጠባብ ነው፤ ኪንግ የለመዳችሁ ከሆነ ኪንግ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጡ።

አሁን ሦስቱን በበዓሉ ሳምንት እንመልከታቸው። የሙታን ቀን ዋሃካ ውስጥ የሚከበረው በአደባባይ ነው። ኮምፓርሳ የሚባሉት ጭምብል ያጠለቁና ፊታቸውን የተቀቡ ሰልፈኞች ጡሩንባና ከበሮ አስከትለው በየሰፈሩ ይዞራሉ፤ ርችት ይተኮሳል፤ ኦክቶበር 31 ማታ ደግሞ ሰዉ ሻማና አበባ ይዞ ወደ መካነ መቃብሮች ይጎርፋል። ልታዩት የምትሄዱት ይህንኑ ነውና ደስ ይበላችሁ። ጥያቄው ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ መስኮታችሁ ሥር እንዲሆን ትፈልጋላችሁ ወይ ነው። (ሰዓት የምንጠቅሰው በሐበሻ አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያው ሆቴል ያለበት የአልካላ መንገድ የእግረኛ ብቻ ነው። ታክሲ በር ድረስ አይገባም፤ መስቀለኛው መንገድ ላይ ያወርዳችኋል፣ ከዚያ ሻንጣ እየጎተቱ ሕዝቡን እያቋረጡ መሄድ ነው። የሳንቶ ዶሚንጎ ደጅ ደግሞ በአዘቦቱም ቅዳሜ የሠርግ ሰልፍ የሚነሳበት ቦታ ነው፤ የነሐስ ጡሩንባ፣ ከሰው የሚገዝፉ አሻንጉሊቶች፣ ርችት። የጣሪያው ባር ሲጨመርበት ይህ ሆቴል ለባለቤትዎ አይሆንም ብለን በእርግጠኝነት እንናገራለን።

ሃላትላኮ ቢወዱት አይፈረድም። የሳን ማቲያስ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀለም የተቀቡት ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች በእርግጥ ውብ ናቸው፤ በፌብሩዋሪ ቢሆን ያለ ማመንታት እዚያ ያርፉ እንል ነበር። ነገር ግን መንገዱ ድቡልቡል ድንጋይ የተነጠፈበት ነው፤ የታመመ ጉልበት በየእርምጃው ይጠማዘዝበታል። ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ ለመሄድም ካልሳዳ ዴ ላ ሬፑብሊካ የሚባለውን መኪና የሚበዛበት መንገድ መሻገር አለ። ዋናው የከተማዋ መካነ መቃብር፣ ፓንቴዮን ኼኔራል፣ እዚያው አጠገብ ነው። በዚያ ሳምንት ሰፈሩ በጎብኚና በሰልፈኛ ይጨናነቃል፤ ባለ ስምንት ክፍል ቤት ደግሞ ከመንገዱ የሚሸሽበት ጥልቀት የለውም።

ኤል ያኖ ጋ ያለው ከሳንቶ ዶሚንጎ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። መኪና በር ድረስ ይደርሳል። ከተማዋ ከሰሜን ወደ ደቡብ ዘንበል ስለምትል ወደ ዋናው አደባባይ፣ ወደ ሶካሎ፣ ሲወርዱ ይቀላል፤ ሲመለሱ ለአማትዎ ታክሲ ይያዙላቸው። ዓርብ ዓርብ መናፈሻው ላይ ገበያ ይቆማል፣ ስለዚህ እዚያም ቢሆን ከመንገዱ የራቀውን ክፍል ይጠይቁ። የድሮ ቤት ለዛ ላሉት፣ እሱን ለማየት የግድ እዚያ ማደር አያስፈልግም። የቀድሞው የሳንታ ካታሊና ገዳም ዛሬ ሆቴል ነው፤ ገብተው ምሳ በልተው፣ ግቢዎቹንና የጥንቱን የልብስ ማጠቢያ ገንዳዎች አይተው መውጣት ይችላሉ።

በየሆቴሉ ግቢ በዚያ ሰሞን ለሙታን መታሰቢያ መሠዊያ ይዘጋጃል፦ ብርቱካንማ አበባ፣ ሻማ፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ ከዛፍ ሙጫ የሚገኝ ኮፓል የሚባል ዕጣን። ሽታው አማትዎን ቤተ ክርስቲያን ያሉ ያህል ደስ ሊያሰኛቸው ይችላል። ከእናንተ አስም ያለበት ሰው ካለ ግን በሩ ከመሠዊያው ፊት ለፊት ያልሆነ ክፍል ይሁን፤ ጭሱ ቀንና ማታ ነው።

ጾሙ ከሆቴል ምርጫ ጋር በጣም ይያያዛል። ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ስለሆነ ጉዞው ሁሉ በጾሙ ውስጥ ነው። ትናንሾቹ ሆቴሎች የሚኮሩበት «ቁርስ ያካተተ» ዋጋ ለእሳቸው ከንቱ ነው። ቁርሱ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ ምግቡም እንቁላልና አይብ ነው። ለእሳቸው ክፍል ቁርስ የሌለበትን ዋጋ ይጠይቁ። የአገሩ ዋና ምግብ የሚበላው ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ስለሆነ እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው እንዲያውም ይመቻል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሥጋ በሌለበት የተደበቀው የአሳማ ስብ ነው። ትላዩዳ የሚባለው ሰፊ ቂጣ ላይ ከባቄላው በፊት አሲየንቶ የሚሉት የስብ አተላ ይቀባል፤ ሜሜላ የሚባለው ትንሽ ወፍራም ቂጣም እንዲሁ ነው። ታማል የሚባለው የበቆሎ ምግብ ሊጡ በስብ ይለወሳል፣ ሩዝና ሞሌ የሚሉት ወጥ ብዙ ጊዜ በዶሮ መረቅ ይሠራሉ፣ ጥቁሩ ባቄላም በስብ የተጠበሰ ሊሆን ይችላል። የበዓሉ ዳቦ፣ ፓን ዴ ዬማ፣ የእንቁላል አስኳል አለበት። «ቬጀቴሪያን ነኝ» ማለት አይበቃም፤ አይብና እንቁላል ይመጣል። ወረቀት ላይ እንዲህ ብለው ጽፈው ያሳዩ፦ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ካልዶ ዴ ፖዮ፣ ሲን ማንቴካ፣ ሲን ኡዌቦ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ኬሶ» — ያለ ሥጋ፣ ያለ ዶሮ መረቅ፣ ያለ ስብ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት፣ ያለ አይብ። የበቆሎ ቶርቲያ፣ አቮካዶ፣ ኖፓል የሚባለው ቁልቋል፣ ሳልሳ፣ ፍራፍሬ ያለ ስጋት ይበላሉ። ቸኮላት ሲያዝዙ «ዴ አጓ» ይበሉ፤ በውኃ የሚፈላው ነው፣ እዚያ አገር የታወቀ ነው። ከበቆሎና ከካካዎ የሚሠራው ቴሃቴ የሚባል ቀዝቃዛ መጠጥም ወተት የለበትም፤ ሆኖም ውኃው የተጣራ ከሆነበት ቤት ይጠጡት። ሆቴሉ ለእሳቸው ባቄላ በዘይት መሥራት ይችል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ስምንት ወይም አሥር ክፍል ያለው ቤት ከትልቅ ሆቴል የሚሻልበት አንዱ ነገር ወጥ ቤቷን በቀጥታ ማነጋገር መቻሉ ነው።

ዋሃካ የውኃ እጥረት ያለባት ከተማ ናት። አብዛኛው ቤት ከመሬት በታች ሲስተርና፣ ጣሪያ ላይ ቲናኮ የሚባል ታንከር አለው፤ ሲጎድል ፒፓ በሚሉት የውኃ ቦቴ ይገዛል። ውኃ የሚተርፈው ሆቴል ብሎ ነገር ስለሌለ «የተጠባባቂ ውኃችሁ ስንት ቀን ይበቃል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሙቅ ውኃ ከጋዝ ማሞቂያው ለራቀ ክፍል ጥቂት ደቂቃ ፈጅቶ ይመጣል። የቧንቧ ውኃ አይጠጣም፤ የሚጠጣው ውኃ ያለበት ባለ 20 ሊትር ትልቅ ጠርሙስ ግቢው ውስጥ መቀመጡን ይጠይቁ።

ዋጋ ስታነጻጽሩ አንዱ ሆቴል ታክስ ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር ይጽፋል። የተጨማሪ እሴት ታክስ 16 በመቶ ነው፤ በላዩ የክልሉ የማደሪያ ግብር አለ። ስለዚህ ሦስተኛው «ይወደዳል» ያሉት ታክሱ ተደምሮበት ከሆነ ልዩነቱ ያን ያህል ላይሆን ይችላል። ሁሉንም በፔሶ፣ ታክስ አካትተው እንዲልኩልዎ ያድርጉ። ካርድ ሲከፍሉ ማሽኑ ዶላር ወይስ ፔሶ ካለ ፔሶን ይምረጡ፤ ዶላሩን ካሉ ምንዛሪውን ማሽኑ በራሱ ዋጋ ይቆርጠዋል። በበዓሉ ሰሞን ብዙዎቹ የሦስት ወይም የአራት ሌሊት ግዴታ ይጥላሉ፣ ቀብዱንም አይመልሱም።

በትላልቆቹ የመያዣ መተግበሪያዎች የሚገዙት የክፍል ዓይነት እንጂ ክፍሉን አይደለም፤ የትኛው እንደሚሰጣችሁ ሆቴሉ የሚወስነው ብዙ ጊዜ በዚያው ጠዋት ነው። ስለዚህ መተግበሪያው ላይ ዋጋውን አይተው ለሆቴሉ በዋትሳፕ በቀጥታ ይጻፉ። እንዲህ ብለው ቢጽፉ ይበቃል፦ «ከኦክቶበር 28 እስከ ኖቬምበር 3 ሁለት ክፍል እንፈልጋለን፣ ጎን ለጎን ቢሆን ደስ ይለናል። አንደኛው ፕላንታ ባሃ፣ ታፓንኮ የሌለው፣ መታጠቢያ ቤቱ ጋ ደረጃ የሌለበት። ሌላው ከመንገድ የራቀ፣ ከላዩ ባር የሌለበት፣ ኪንግ አልጋ ያለው። የክፍሎቹን ቁጥር፣ ከበሩ እስከ መታጠቢያው ያለውን አጭር ቪዲዮ፣ በፔሶ ታክስ የተካተተበትን ዋጋና የስረዛ ደንቡን ይላኩልን።» ቪዲዮውን በደስታ የሚልክ ሆቴል ስትደርሱም የሚሰማችሁ ሆቴል ነው። «ሁሉም ክፍሎቻችን ጸጥ ያሉ ናቸው» ብሎ ብቻ የሚመልስን ግን ይተዉት።

ስትደርሱ ሻንጣ ሳይፈታ ክፍሉ ውስጥ በሩን ዘግተው ሁለት ደቂቃ ዝም ብለው ያዳምጡ፤ ገላ መታጠቢያውን ከፍተው ሙቅ ውኃ እስኪመጣ ይጠብቁ፤ ግቢው ውስጥ አረንጓዴውን የመሰብሰቢያ ምልክት ይፈልጉ። ዋሃካ ምድሯ ደጋግሞ ይንቀጠቀጣል፤ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ በየት እንደሚወጡ ለአማትዎ አስቀድመው ያሳዩአቸው።

አማትዎ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የአሜሪካ ግሪን ካርድ ከያዙ ለጉብኝት የሜክሲኮ ቪዛ አያስፈልጋቸውም፤ ሁለቱም ያላለፈባቸው ይሁኑ፣ ፎቶ ኮፒ ሳይሆን ዋናዎቹ በእጅ ቦርሳ ይያዙ። በሜክሲኮ ሲቲ በኩል ካለፋችሁ እዚያ ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ እንዳለ ይንገሯቸው። ሜክሲኮ ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች፣ አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ አለን።

ሦስተኛው ሆቴል ሞልቶ ከሆነ ወይም ጸጥ ያለውን ክፍል ካልሰጣችሁ፣ ሬፎርማ የሚባለውን ከመሃል ከተማ ሰሜን ያለ የመኖሪያ ሰፈር ይፈልጉ፤ ወደ መሃል በታክሲ ቅርብ ነው። ሃላትላኮን አልተውም ካሉ ደግሞ ጉዞውን ከኖቬምበር 5 በኋላ ያድርጉት። ሰልፉ ያመልጣችኋል። ቤቷ ግን ዋጋዋ ወርዶ፣ መንገዱ ጸጥ ብሎ ትጠብቃችኋለች፤ ያኔም ቢሆን ለአማትዎ ፕላንታ ባሃ፣ ከግቢው ጥግ ያለውን።